የጸዳ ፊት

ማክሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት በሐኪም ትእዛዝ ነው። «ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደቆምክ፣ ምን እንደተቀባህ፣ በየትኛው ቀን እንደጠቆረብህ እየጻፍክ አምጣልኝ» አለችኝ የቆዳ ሐኪሟ። ተማሪ ሳለሁ እንኳ ማስታወሻ የምገለብጠው ከሰው ነበር። እንግዲህ ልጻፍ።

ፀሐይ፦ ጠዋት አውቶብስ ስጠብቅ ሃያ ደቂቃ፣ ስመለስ ሃያ ደቂቃ። የተቀባሁት፦ ምንም። የጠቆረበት ቀን፦ ሁሉም።

ማድያት ነው አለችኝ። ስሙን መች አጣሁት፤ አክስቶቼ ሲያረግዙ ጉንጫቸው ላይ ይወጣና ሲወልዱ ይጠፋ ነበር። «የሴት አይደለም እንዴ?» አልኳት። «ሴት ላይ ይበዛል፤ ወንድንም ይይዛል» አለች። «ይድናል?» «ይደበዝዛል። ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ይመለሳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አትጨነቅ።» እኔ አትጨነቅ ከተባልኩ በኋላ ያልተጨነቅኩበት ቀን የለም።

ወረፋው ላይ አሥራ አንድ ሴቶችና እኔ ነበርን። ተራዬ ሲደርስ ካርድ የምትጠራው ነርስ በሩ ላይ ቆማ «ባለቤትህ የት ሄደች?» አለችኝ። «ታማሚው እኔ ነኝ» ስላት ካርዱን ሁለት ጊዜ አየችው። ሴቶቹ በጨዋነት ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ 5

ፀሐይ፦ እንደ ማክሰኞው።

የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። ካሜራውን የሚይዙት አለቃዬ ናቸው፤ አንዱን መነጽር ግንባራቸው ላይ፣ ሌላውን አፍንጫቸው ላይ ስለሚያደርጉ ጋሽ አራት ዓይና እንላቸዋለን። የእኔ ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ እኛ ቤት «ማጽዳት» ይባላል። ብጉር፣ ጠባሳ፣ የዓይን ሥር ጥቁረት፣ ማድያት፣ ሁሉንም አነሳለሁ። ከአጠገቡ ካለው ደህና ቆዳ ቆንጥሬ መጥፎው ላይ እደርብበታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት። የጸዳውን በዋናው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ያልጸዳው በዚያው ይጠፋል። የጋሼ ሕግ ነው። አንዲት ሙሽራ በስሕተት ያልጸዳውን አግኝታ ፎቶ ቤቱ ውስጥ እሪ ብላ ካለቀሰች ወዲህ «አንድ ሰው በዚህ ቤት ሁለት ፊት አይኖረውም» ይላሉ። የካሜራውንም ሜሞሪ ቤት ሲዘጉ ይጠርጉታል።

ዛሬ አንዲት ደንበኛ ፎቶዋን ተቀብላ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። «የእኔን እንዲህ ድራሹን ያጠፋኸው፣ የራስህን ለማን ብለህ ተውከው?» የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ያሉት ለካ ስለ እኔ ነው።

ስወጣ ደግሞ ከፊት ለፊታችን ያለው ጸጉር አስተካካይ ምላጩን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ወንድሜ፣ ስንተኛ ወርህ ነው? ወንድ ነው ሴት?» ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅሁ። ምን ልበለው? ቤቴ ውስጥ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልመጣውን ነገር ፊቴ ላይ ነው የጠየቀኝ።

እሑድ 8

ሐኪሟ ያዘዘችልኝ ክሬም ሦስት ወር ታገሥ ይላል። እኔ ሦስት ቀን አልታገሥኩም። የመዋቢያ ሱቋ ሴትዮ «ይሄ ሌላ ነው፤ ለምወዳቸው ሙሽሮች ብቻ ነው የምሰጠው» ብላ ከባንኮኒው ሥር አንድ ብልቃጥ አወጣችልኝ። ጽሑፍ የለበትም፤ ክዳኑም የሌላ ዕቃ ክዳን ነው። ሽታው ጎማ ሲቃጠል ሽቶ የደፉበት ይመስላል።

ተቀብቼ አልጋ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ተነሥታ ሮጠች። መታጠቢያ ቤት ስታስመልስ ሰማኋት። ተመልሳ «ሽታው ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ» አለች።

ሌላ እንዳይመስለኝ የምትለኝ ሌላ ስለሆነ ነው። ፊቴን አይታ ነው።

ረቡዕ 11

ዛሬም አስመለሳት። ያውም ጠዋት፤ ገና ብልቃጡን አልከፈትኩም ነበር።

ስለዚህ ሽታው አይደለም። እኔው ነኝ።

ቅዳሜ 14

ሰሞኑን ከስፌት ቤት እንደገባች ነው የምትተኛው። ዛሬ ጣቷ ላይ ያለውን የስፌት ቆብ እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ወደቀች። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወር ስለሆነ ደክሟት ይሆናል። ወይም ዓይኗን ስትጨፍን እኔን አታይም።

ድሮ እንዲህ አልነበርንም። ሁለት ጊዜ ጸንሳ ሁለት ጊዜ ቀርቶብናል። የመጀመሪያውን ማንም ሳያውቅ አለቀስነው። ሁለተኛውን ግን አገር ሁሉ አወቀው፤ ያሳወቅሁትም እኔ ነኝ። ገና በሁለተኛው ወር ለጋሼ ነገርኩ፣ ለጸጉር አስተካካዩ ነገርኩ፣ ለአውቶብስ ትኬት ቆራጯ ሳይቀር ነገርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከዚያ በኋላ «እንዴት ሆነች? ገፋ?» ለሚለኝ ሁሉ አንድ በአንድ እየዞርኩ የለም፣ የለም፣ የለም እል ነበር። እሷ ደግሞ ከቤት ወጥታ ሰው በጠየቃት ቁጥር እየቆመች መልስ ትሰጥ ነበር። ያኔ «አንተ አፍህ መዝጊያ የለውም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣችውም። ያላነሣችው ይቅር ብላኝ ይሁን ንቃኝ አላውቅም።

ማክሰኞ 17

ተመስገን! ነጣ! የግራው ጉንጬ ላይ ያለው ግማሹ የለም። የላይኛው ከንፈሬ ላይ የነበረው ጢም መሰል ጥላ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። ጸጉር አስተካካዩ አይቶኝ ምንም አላለም፤ ምንም አለማለቱ ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እንደ ወትሮው አልተኛችም፤ ልብስ ቀይራ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። «ና እስኪ ተቀመጥ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። እኔ መቼ ተቀመጥኩ፤ መብራቱ ሥር ወስጃት ጉንጬን እያዞርኩ «እይው፣ እይው፣ በደንብ እይው!» አልኳት። አየችው። «ጠፍቷል» አለች። ፈገግ አለች። «ለእኔማ ድሮም አንተው ነህ» አለችኝ። ሽታው ነው መሰል ግን ራቅ ብላ ቆመች።

ልትነግረኝ የነበረው ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ይቆይ፤ አይቸኩልም» አለችኝ። እኔም በደስታዬ ተውኩት።

ረቡዕ 25

አቃጠለኝ። ቀይ። ውሃ ሲነካው እሳት። መስተዋት ፊት አልቆምም።

ሐሙስ 26

ቀዩ ሥር ማድያቱ ከበፊቱ ጠቁሮ ወጣ። ከበፊቱ ሰፍቶም ወደ ግንባሬ ዘለቀ። አንዲት ደንበኛ ልጇን ከባንኮኒው ላይ ሳብ አድርጋ ወደ ኋላዋ መለሰችው። ጋሼ አይተዋል። እኔም እንዳዩ አይቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬን ድሮ ፊልም ይታጠብበት ወደነበረው ጨለማ ክፍል አስወሰዱት። «ለጤናህ ብዬ ነው፤ እዚያ ፀሐይ አያገኝህም» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ሲደብቁት የሚያመሰግን?

እሑድ 29

ባለቤቴ በልመና ድምፅ «ሽታው እስኪለቅህ ድረስ ለጥቂት ቀን ሳሎን ብትተኛ ይከፋሃል?» አለችኝ።

አይከፋኝም አልኩ። መለዋወጫውን ፍራሽ፣ ትራሴን፣ ልብሴን፣ ጫማዬን ሁሉ ሳሎን አወጣሁ። በሩ ላይ ቆማ «ጥቂት ቀን ነው ያልኩህ እኮ፤ ቤት ትለቃለህ አላልኩህም» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። እንዲህ ዓይነት ጊዜ መልስ አለመስጠት ያኮራኛል፤ ኩራቱ ግን እስከ ጠዋት አይቆይም።

አዲስ ወር። ሐሙስ 3

ዛሬ በምሳ ሰዓት ባለቤቴ ፎቶ ቤት መጣች! ጋሼ ምሳ ወጥተው ነበር። ለጤና ጣቢያ ካርድ ፎቶ እፈልጋለሁ አለች። አንዷን ደግሞ ተለቅ አድርገህ አትምልኝ፣ ለእኛ አለችኝ። ምን ዓይነት ካርድ ብዬ አልጠየቅኩም። ሐሳቤ ሁሉ በዚህ ብርሃን ፊቴን ሳታይ ቶሎ ማንሣት ላይ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የእጅ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አቀፈችው። ቦርሳውን ዝቅ አድርጊው ስላት ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ። በካሜራው ቀዳዳ ሳያት ሠርጋችን ሰሞን የነበረችው ሴት ናት።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ እንዳታጸዳኝ። እንዳለሁ ተወኝ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። «ነገ ማታ ይዘህልኝ ና፤ አብረን እናየዋለን።»

ጨለማው ክፍል ገብቼ ፎቶዋን ከፈትኩ። አሳደግኩት። በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ፣ ከላይኛው ከንፈሯም በላይ ጥላ አለ። ለሌላ ሰው ዓይን አይታይም፤ እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው። ማድያት ነው።

አስተላለፍኩባት። ሐኪሟ አይተላለፍም ስትል ዋሽታኛለች፤ ወይም አታውቅም። አንድ ፎጣ ነው የምንጠቀመው። አንድ ሳሙና። አንድ አልጋ ነበር እስከ እሑድ። የነካሁትን አበላሻለሁ።

አጸዳሁት። ከግንባሯ ደህናውን ቆንጥሬ ጉንጯ ላይ ደረብኩበት። በዋናው ላይ አስቀመጥኩት። ይህን እሷ እንዳታይ፤ ማወቅ የለባትም።

ዓርብ 4

ፎቶውን ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሻይ ቀድታ ነበር የጠበቀችኝ። ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግታ ብዙ አየችው።

«አጽድተኸኛል።»

«ትንሽ ብርሃን ነው ያስተካከልኩት።»

«አታጽዳኝ አላልኩህም?»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፤ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።»

«ይቺ እኔ አይደለሁም» አለችና ፎቶውን ገልብጣ አስቀመጠችው። ሻይዋን ሳትጠጣ ገብታ ተኛች። እኔ የሁለታችንንም ጠጣሁት። ክፉ ነገር ሳላሳያት መቅረቴ ነው ጥፋቴ?

እሑድ 6

ፎጣ ለየሁ። ሳሙና ለየሁ። የእኔ ብርጭቆ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። የትራስ ጨርቆቹን ቀቀልኩ። ልትስመኝ ስትጠጋ ጉንጬን ዞር አደረግኩ፤ ለእሷ ብዬ ነው። እሷ ግን ቀይ ክሩን እያየች «ምን አደረግኩህ?» አለች።

«ምንም።»

«ፊቴን ማየት አስጠላህ እንዴ?»

ይህን የምትለኝ እሷ ናት! እኔ ልጠይቃት የሚገባኝን እሷ ጠየቀችኝ።

ረቡዕ 9

አማቴ ሻንጣ ይዘው መጡ። «ልጄን ናፍቄ ነው» አሉ። ፊቴን ሲያዩ «ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?» አላሉም። አንዳንድ ደግ ሰው ሆን ብሎ አለመጠየቁ ያስታውቅበታል።

ከሥራ ስገባ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«እስካሁን አልነገርሽውም?»

«ሁለቴ ልነግረው ነበር፤ አልሰማኝም። አሁን ራሱ ላይ ነው ያለው።»

«ግድ የለም፤ ዝም አይነቅዝም። እስኪጸና ቆዪ።»

እናት ተጠርታ የምትመጣው፣ ልጅ ቀን ጠብቃ የምትነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልትሄድ ነው። «እስኪጸና» የሚሉት ልቧ ነው፤ ልቧ እስኪጨክን። ተመልሼ ወጣሁና ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ኮፍያ አላደረግኩም። ፀሐይ፦ እንዳሻው።

ቅዳሜ 12

አሁን ጉንጯ ላይ ያለው ጥላ ሳላሳድገውም ይታያል። ከመዋቢያ ሱቅ ሌላ ብልቃጥ አምጥቼ «ትንሽ ተቀቢበት፤ ሳይብስ» አልኳት። ሽታው ገና ሳይወጣ ብልቃጡን ከእጄ ቀምታ ወደ ቆሻሻ ወረወረችው። «እኔ ምንም ነገር አልቀባም። ምንም! ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ይሁን ይውጣ!» አማቴ በሩ ላይ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደስ ይለኛል? ማድያት ደስ የሚለው ማን ነው?

ማክሰኞ 15

ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ፊቴን አይታ ጮኸችብኝ። ከብልቃጡ የተቀባሁት ቆዳዬን አቅጥኖታል፤ አንዳንዱ አይመለስም አለች። ግድ አልሰጠኝም። «ለሚስቴ አስተላለፍኩባት» አልኳት።

«አይተላለፍም ብዬሃለሁ።»

«በዓይኔ አየሁት። ጉንጯም ከንፈሯም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ነፍሰ ጡር ናት?»

«አይደለችም።» ቶሎ ነው ያልኩት።

«እርግጠኛ ነህ? ወር አበባዋ፣ ማስመለስ፣ ሽታ መጥላት...»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። የምትለውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ በራሴ እጅ በዚህ ደብተር ጽፌዋለሁ። አውቶብስ ሳልይዝ በእግሬ መጣሁ። እያንዳንዱን ቀን አገላብጬ አነበብኩት። 8። 11። 14። 17። ቦርሳዋ። ካርዱ። ሁለቱ ሻይ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ያላነበብኩት እንዴት ያለ ሰው ብሆን ነው?

ረቡዕ 16

አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትና የለም ብትለኝስ? ሦስተኛ የለም መስማት አልችልም።

አይ፣ እውነቱን ልጻፍ። እስኪጸና ተብሏል። አፈ ሰፊው እኔ ነኝ። ራሷ በቀኗ ትንገረኝ። ሆድ ይፍጀው። ለጋሼም፣ ለጸጉር አስተካካዩም፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ዛሬ ጸጉር አስተካካዩ «ምጥ አልደረሰም?» ሲለኝ በደስታ ሳቅሁለት። ሰውየው ደነገጠ።

ቀዩን ክር ከብርጭቆው ፈታሁ።

ሐሙስ 17

ባለቤቴ ሳሎን በር ላይ ቆማ «ሽታው ለቆሃል» አለችኝ። «ትመጣለህ?» እጇ ወገቧ ላይ ነበር። ፊቷ የደከመ መሰለኝ።

ልቤ ሊወጣ ነበር። ግን አሁን ብገባ አፌ አይችልም፤ እንደገባሁ ነው የምናገረው። «ቅዳሜ እገባለሁ» አልኳት። ቅዳሜ ብልቃጡን ሁሉ ጥዬ፣ ፍራሹን አጥቤ፣ ሰው ሆኜ እገባለሁ ብዬ ነው። «እሺ፤ ቅዳሜ» አለች።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ያዝኩ። ለደብተር እንኳ ቀስ ብዬ ነው የምነግረው፦ አባት ልሆን ነው።

ዓርብ 18

አማቴ ስልክ ደወሉ። ሆስፒታል ና አሉኝ።

እሑድ 20

ወረደ። አራት ወር ሊሞላው ስድስት ቀን ነበር የቀረው።

ስደርስ አልቋል። የማሕፀን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ይዞኝ ቆመ። «የማንም ጥፋት አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» አለኝ። ክሬሙን፣ ሽታውን፣ ቀይ ክሩን፣ ሁሉን ነገርኩት። ከዚህ ጋር አይገናኝም አለ። ደግ ሰው ነው። ባይሆን ኖሮ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ተኝታለች። «ልነግርህ ነበር» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። ዞረች። «ታውቅ ነበር?» «ከማክሰኞ ጀምሮ።» «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ያኔ ዝም ማለት ሲገባኝ ተናገርኩ፣ አሁን መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። ሁለቱንም የማይሆንበት ቀን ላይ አደረግኳቸው። ሐሙስ ማታ ብገባ ኖሮ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሦስት ሆነን እናድር ነበር።

አማቴ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መቀነታቸውን ፈትተው ይቋጥራሉ። «ልጄ፣ ፊቷ ላይ ሲወጣ እኮ ደስ ብሏት ነበር» አሉኝ። «በስልክ እየሳቀች "እማዬ፣ እሱን መሰልኩ፤ አሁን ብቻውን አይደለም" አለችኝ። ለዚያ ነው ፎቶ የተነሣችው። ለልጁ ሲያድግ ላሳየው ነው ያለችው።»

መቀነቱ ውስጥ የተቋጠረ ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ 29

ሥራ። ጨለማ ክፍል። ሃያ ሦስት ፊት አጸዳሁ።

ሌላ ወር። እሑድ 11

አማቴ ሄዱ። ባለቤቴ ሥራ ጀምራለች። መኝታ ቤት ተመልሻለሁ፤ አልጋው ላይ በመካከላችን ሌላ ሰው የሚተኛበት ቦታ አለ።

ጉንጯ ላይ ያለው እየደበዘዘ ነው። ሐኪሟ የእኔን ይደበዝዛል ብላ ነበር፤ የደበዘዘው የእሷ ነው። የእኔ እንዳለ አለ። በየጠዋቱ ሳትነቃ ፊቷን አያለሁ። ዛሬ የግራው ጉንጯ ላይ ምንም የለም።

እሷም መስተዋት ፊት ቆማ በጣቷ እየነካች ስታየው አገኘኋት። «ጠፋ» አለች። ከሁለት ወር ገደማ በፊት እኔ መብራት ሥር አቁሜያት የሰማሁት ቃል ነው። ከዚያ ዞራ አየችኝ። «ያቺን ፎቶ ዋናውን አውጣልኝ። ያላጸዳኸውን።»

«እሺ» አልኳት። እሺ! ይህ አፍ!

ዓርብ 16

የለም። ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። የካሜራውን ሜሞሪ ጋሼ በዚያው ቀን ጠርገውታል። ሳይጸዳ የታተመ፣ የተጣለ፣ የተበላሸ ወረቀት ይኖር እንደሆን ብዬ ቆሻሻ የሚጠራቀምበትን ካርቶን ዘረገፍኩት። ጋሼ ሁለቱንም መነጽር አውልቀው «ምን ጠፋህ?» አሉኝ። «የሚስቴ ፎቶ።» «ይሄው አይደል እንዴ?» አሉ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የጸዳውን እያሳዩኝ። «እንዴት ያማረ ነው።»

ልጃችን በዚህ ዓለም አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ ተነሥቶ ነበር። በራሴ እጅ አጸዳሁት።

ቅዳሜ 17

ደንበኛ ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ ሠራሁበት። ያነሣሁትን መመለስ እንዴት ያቅተኛል ብዬ ነው። ከፀጉሯ ሥር ጠቆር ያለውን ቆንጥሬ ጉንጯ ላይ ሳሳ አድርጌ አለበስኩት። ከከንፈሯ በላይ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫዋ። ደብዘዝ አደረግኩት፣ አሳሳሁት፣ ጠርዙን አዋሐድኩት። ሲያልቅ ለራሴ እውነተኛ መሰለኝ። አተምኩት።

እሑድ 18

ጠዋት ሰጠኋት። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ነው ያየችው፤ ጥላውን ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው፣ ግራ ጉንጭ፣ ቀኝ ጉንጭ፣ ከንፈር። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ደግማ ፎቶውን። ደግማ ፊቴን።

«የእኔ እንዲህ አልነበረም» አለች። «ይሄ ያንተ ነው።»

አየሁት። እውነቷን ነው። በግራ በኩል ወደ ጆሮ የሚዘልቀው፣ ከንፈር ላይ መሐሉ የሚሳሳው፣ ሁሉም የእኔ። የእሷ የት የት እንደነበረ አላስታውስም። ያየሁት ለማጥፋት ብቻ ነበር።

ፎቶውን መልሳ ሰጠችኝና ሻይ ልታፈላ ተነሣች። የአንድ ሰው ነው የጣደችው።